ሌባውን ያዙልኝ ያለው ቀለም ሻጭ

«አንድ ቀለም ሻጭ ነበረ» አሉ መምህር አምዴ፣ ሰብለወንጌል ጥያቄዋን በወጉ ሳትጨርስ።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። ዶዶላ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ዝም ካላት ቆይቷል። መልእክት ትልክለታለች፤ አይመልስም። «ሰው ዝም ሲለኝ፣ ጠልቶኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ነበር ያለቻቸው። መምህር አምዴ በልጅነቷ ሒሳብ ያስተማሯት ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው አሰላ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። የተጠየቁትን በቀጥታ መመለስ አይወዱም። ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ቀጠሉ።

ቀለም ሻጩ ደህና ሰው ነበር። ሱቁ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ነው። እጁ ሁልጊዜ ቀለም ስለሚነካው፣ ሰላም ለሚለው ሁሉ ክንዱን ነበር የሚዘረጋው። ሚስቱ ደግሞ ባልትና ትሠራለች። በርበሬዋን ለማስፈጨት ከተማውን አቋርጣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ስለምትውል፣ ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ወፍጮ ሊገዙ ተስማሙ። በሁለቱም ስም ባንክ ሒሳብ ከፍተው ያጠራቅሙ ጀመር። ወፍጮው የሚተከልበትን ክፍል እንኳ ሠርተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ግድግዳውን መቀባት ብቻ ነበር።

ሴት ልጃቸው ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ ለአባቷ ስልኩ ላይ አንድ አፕ ጫነችለት። አፑ የሱቁን ሒሳብ፣ የቤቱን ሒሳብና የወፍጮውን ቁጠባ ከየባንኩ እያመጣ በአንድ ገጽ ላይ ይደረድርለታል። ሰውየው በዚህ ነገር ልቡ ጠፋ። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ያየዋል፤ ደንበኛ ቀለም ሲያማርጥ ያየዋል። ሚስቱ «ከእኔ ፊት ይልቅ እሱን ነው የምታየው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የወፍጮው ቁጠባ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ ይታይበት በነበረው ቦታ ላይ አንዲት አጭር ሰረዝ ብቻ ተጋድማለች። ከሥሯ «መገናኘት አልተቻለም፤ እንደገና ይሞክሩ» ይላል።

እንደገና ሞከረ። ሰረዟ ንቅንቅ አላለችም። ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ኔትወርክ ነው ብሎ መሰላል አመጣና ሱቁ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። «ምን ጠፋብህ?» ይሉታል። «ምንም» ይላል። ወርዶ አፑን የሠሩትን ሰዎች ረገመ፤ ቀጥሎ ባንኩን። በመሐል በመሐሉ «እንደገና ይሞክሩ» የምትለውን ነገር ይጫናል። ነጭ ቀለም የጠየቀውን ደንበኛ ግራጫ ቀለም አሸክሞ ሰደደው።

ታዲያ ሰው ሲጨንቀው አእምሮው የማይሄድበት ቦታ የለም። ምሳውን ሊበላ ወደ ቤት ሲሄድ፣ የሚስቱ ወንድም በቀደም ቤት መጥቶ እንደነበር ትዝ አለው። መኪናው ተበላሽቶበት ብድር ሲጠይቅ ሰምቷል። ሒሳቡ የጋራ ነው፤ ሚስቱ ባንክ ሄዳ ብትፈርም ማውጣት ትችላለች። ደግሞ ከባንኩ የሚመጣው መልእክት በእሷ ስልክ ነው የሚገባው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ገጣጠመና ሰረዟን ተረዳኋት አለ። ገንዘቡ ለወንድሟ ሄዷል።

እንግዲህ አጠገቡ ተቀምጣ ወጥ የምታወጣለት ሚስቱን አንድ ቃል ቢጠይቃት ነገሩ እዚያው ባለቀ። አልጠየቃትም። ብትዋሸኝስ ብሎ ፈራ፤ እውነቱን ብትነግረኝስ ብሎም ፈራ። አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ። «ጨው በዛበት እንዴ?» አለችው። «አልበዛበትም።» «አሞሃል?» «አላመመኝም።» ሴትየዋ እጁን ሲታጠብ በዓይኗ ተከተለችው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ወደ ሱቁ ሲመለስ፣ ብዙ ሰው በሚገናኝበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ባንኬ ከአፑ ጋር አልገናኝ ብሎኛል፤ የሚያውቅ ይርዳኝ» ብሎ ከነስልክ ቁጥሩ ጻፈ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የደዋዩ ድምፅ ትሁት ነው፤ እንደ ማር ይጣፍጣል።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከባንኩ ነው የምደውለው። ችግርዎን አይተነዋል። አሁኑኑ እናስተካክለዋለን።»

ቀለም ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ! ምን ላድርግ?»

«ምንም አያደርጉም። የሚስጥር ቁጥርዎን ብቻ ይንገሩኝ።»

በዚህ ጊዜ ሚስቱ ሱቁ በር ላይ ደረሰች። የባሏ ፊት አላስቀምጥ ብሏት ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ «ቁጥሩ… ቆይ፣ መጀመሪያው ሰባት ነው…» ሲል ሰማችው። አንድም ነገር አልጠየቀችም። በበርበሬ እጇ ስልኩን ከጆሮው ነጥቃ «ማነህ?» አለች። ያ ትሁት ድምፅ «እመቤት፣ እኔ…» ሲል «ባንክ ከሆንክ እኛው እንመጣለን፤ ቤቱን እናውቀዋለን» ብላ ዘጋችው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ወደ ባሏ ዞራ።

ቀኑን ሙሉ የታፈነው ነገር ገነፈለ። «ገንዘቡ የለም!»

«የቱ ገንዘብ?»

«የወፍጮው! የት እንደሄደ አንቺ ታውቂያለሽ!»

ሴትየዋ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሽርጧን ፈትታ የቀለም ጣሳው ላይ ጣለችና «ተነስ» አለችው። ሱቁን ዘግተው ወደ ባንኩ ሄዱ። እሷ ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ ይከተላል።

ባንኩ ውስጥ ያገኟት ሠራተኛ ወጣት ናት። ደብተራቸውን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካካችና «ገንዘባችሁ አለ» አለች። «አንድም ብር አልወጣም።»

ቀለም ሻጩ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ከዚያ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ።

«ግን ሒሳቡ ተቆልፏል» አለች ልጅቷ ኮምፒውተሩን እያየች። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው በተሳሳተ የሚስጥር ቁጥር ልግባ እያለ ደጋግሞ ሲሞክር ነበር። ደጋግሞ ስልዎ በጣም ደጋግሞ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ በሩን ዘጋው።»

ሰውየው ሐሞቱ ተመለሰ። «አላልኩም! ሌባ ነው! የኔ እመቤት፣ ይህን ሌባ ያዙልኝ! ፖሊስ ጥሩልኝ! ስሙ ይታወቃል?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፈነች።

«ስሙ ይታወቃል ጋሼ። ከእርስዎ ስልክ ነው የሚመጣው።»

«ከኔ?»

«በቅርቡ የሚስጥር ቁጥርዎን ቀይረው ነበር?»

አፉን ሊከፍት ሲል ትዝ አለው። ትናንት ማታ የእድር ስብሰባ ላይ፣ አንድ ጎረቤታቸው በስልክ እንደተዘረፈ ሲወራ ሰምቶ ነበር። እኔስ ለሌባ አልመችም ብሎ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን አውጥቶ የወፍጮውን ሒሳብ የሚስጥር ቁጥር ቀየረ። በብልህነቱ ተደስቶም ሳምቡሳ ገዝቶ በላ። ከዚያ ረሳው።

«አፑ አዲሱን ቁጥር አያውቅም» አለች ልጅቷ። «እርስዎ 'እንደገና ይሞክሩ' የሚለውን በተጫኑ ቁጥር የድሮውን ቁጥር ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ እንደዚያ እየደጋገመ ለሚያንኳኳ አንከፍትም። ብዙ በሞከሩ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይጠብቃል።»

«እና ሌባው…»

«እርስዎ ነዎት» አለች ልጅቷ፤ አሁን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

«አሁን እከፍትልዎታለሁ» አለችው። «ጥቂት ይቆዩ፤ እስከዚያ ስልኩን አይንኩት። ከዚያ አዲሱን ቁጥር ራስዎ አፑ ላይ ያስገቡ። ለማንም አይንገሩ። ለእኔም ቢሆን!»

አይንኩት መባሉ ነበር የከበደው። ባልና ሚስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ሲቀመጡ አውራ ጣቱ ሳያስበው ወደ ስልኩ ይሄድበታል። ሚስቱ ስልኩን ወስዳ ተቀመጠችበት።

ከዚያ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገራት። «ለወንድምሽ የሰጠሽው መስሎኝ ነበር።»

«አውቄያለሁ» አለች። «ሱቅ ውስጥ ስታየኝ አወቅሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ምሳ ላይ አጠገብህ ነበርኩ እኮ» አለች። «ወደ ሱቅህ ስመጣ እንደነገሩኝ ጣሪያ ላይ ከምትወጣ ወደ እኔ ብትዞር ይቀል ነበር።» ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ስልክ ዘርግቶ የቆመው ባሏ በዓይነ ኅሊናዋ ታያትና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎት ደነገጠ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። «ካሳ አለብህ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ እኔ በመረጥኩት ቀለም ትቀባዋለህ።»

«የፈለግሽውን።»

«ብርቱካናማ።»

በዚህ ዓለም የሚጠላው ቀለም ብርቱካናማ ነበር። «እሺ» አለ። ስልኩ ሲመለስለት አዲሱን ቁጥር አስገባ፤ ሰረዟ ጠፍታ ገንዘቡ ቦታው ላይ ታየ። ሰውየው ግን ብዙም ሳያየው ኪሱ ከተተውና ሚስቱን ተከትሎ ወጣ። ወፍጮው በወሩ ተተከለ፤ ግድግዳውም ከሩቅ ይታያል።

መምህር አምዴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ሰብለወንጌል ዞሩ። ልጅቷ ፈገግ እንዳለች ነበር።

«ሰውየው ሰረዝ አይቶ ገንዘቤ አለቀ አለ። ገንዘቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የተቋረጠው መገናኛው ነው። አንቺም ዝምታ አይተሽ ወንድሜ ጠላኝ አልሽ። ለመሆኑ ለወንድምሽ የምትልኪው መልእክት ምን ይላል?»

«ለምን አትመልስም? ነው የምለው። ሌላ ምን እላለሁ?»

«ሁልጊዜ እሱኑ?»

«እሱኑ» አለች፤ ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ።

«ዝም ከማለቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስታወሩ ምን አልሽው?»

«ምንም አላልኩትም መምህር። አዲሱን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ስብሰባ ላይ እያለሁ ደወለ። ሥራ ላይ ስሆን አትደውልልኝ አልኩት፤ ይኸው ነው።»

«ሥራ ላይ የማትሆኚው መቼ ነው?»

ሰብለወንጌል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል።

«እንግዲህ ቁጥሩን የቀየርሽው አንቺ ነሽ፤ ረስተሽው ነው እንጂ» አሉ መምህር አምዴ። «ልጁ ያልሽውን አደረገ። አንቺ ደግሞ በላዩ ላይ ያንኑ ቁጣ እየደጋገምሽ ታንኳኪበታለሽ፤ እሱም በሩን ያጠብቃል። መልእክቱን ተዪው። ነገ ዶዶላ ሂጂ። ስትደርሺም ለምን ዝም አልከኝ አትበይው፤ በፈለግህ ሰዓት ደውልልኝ በይው። ፍቅሩ ካስቀመጥሽበት ቦታ አልሄደም ልጄ። ራስሽ ሄደሽ እይው።»