ዘበኛው በሩን አልለቅም አለ

ወዲህ ቅረቡማ! ጆሮ ያለው ያዳምጥ፣ የሌለው ይበደር፤ ከባንክ ግን አይሁን!

በርበሬ ነጋዴዋ አልጋነሽ አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች፤ የባሏን የስኳር መርፌ። ውብሸት የመጨረሻውን ጠዋት ተወግቶ ብልቃጡ ባዶ ቀርቷል። ለማታ ምንም የለም። ቀኑ ቅዳሜ፤ መድኃኒት ቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

የገበያዋን ብር በማለዳ ባንክ አስገብታለች። መድኃኒት ሻጩ፣ "በስልክሽ ላኪልኝና ውሰጂ" አላት። ስልኩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሂሳብዎ ከዜሮ በታች ነው፤ ቅጣት ተቆርጧል።"

"ምን አድርጌ!" ነጠላዋን እየጎተተች ባንክ ሮጠች።

ገንዘብ ተቀባይዋ ትንቢት፣ "እትዬ፣ ብርዎን ተቀብዬ ሳልመዘግበው መብራት ሄደ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ የሱቅዎን ኪራይ ቆረጠ። ጎደለ፤ ሞላንልዎ፤ ስለሞላን ቀጣንዎ" አለቻት።

"ብሬ መሳቢያሽ ውስጥ ተቀምጦ?"

"ተቀምጦ! ደረሰኙ ካልተመዘገበ ቅጣቱ አይነሳም።"

ቅጣቱ ካልተነሳ ብሩ አይላክም፤ ብሩ ካልተላከ መርፌው አይሰጥም። አምስት ሰዓት ተኩል!

ኮምፒውተሩ፣ "ጄኔሬተሩ ካልጮኸ አልነቃም" አለ። ኮምፒውተሩ ካልነቃ ደረሰኙ አይመዘገብም፤ ደረሰኙ ካልተመዘገበ ቅጣቱ አይነሳም፤ ቅጣቱ ካልተነሳ ብሩ አይላክም፤ ብሩ ካልተላከ መርፌው አይሰጥም።

ጓሮ ዞረች። ጄኔሬተሩ፣ "ናፍጣ ካልጠጣሁ አልጮህም" አለ። ናፍጣው ማደያ፣ ጀሪካኑ በዘበኛው በኩምሳ እጅ።

"ወንድሜ፣ በሞቴ ሂድልኝ!"

"በሩን ለማን ትቼ? ሰው ሳይፈተሽ ይግባ?"

ኩምሳ ካልሄደ ናፍጣው አይመጣም፤ ናፍጣው ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይጮህም፤ ጄኔሬተሩ ካልጮኸ ኮምፒውተሩ አይነቃም፤ ኮምፒውተሩ ካልነቃ ደረሰኙ አይመዘገብም፤ ደረሰኙ ካልተመዘገበ ቅጣቱ አይነሳም፤ ቅጣቱ ካልተነሳ ብሩ አይላክም፤ ብሩ ካልተላከ መርፌው አይሰጥም፤ መርፌው ካልተሰጠ... ኧረ እሱን አፏም አልደፈረው!

ለስድስት ሩብ ጉዳይ። አልጋነሽ ላቧን ጠረገች።

"ዱላህን ወዲህ በል! ሃያ ዓመት በርበሬዬን ከሌባ ጠብቄ፣ አንድ በር ያቅተኛል?"

ኩምሳ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ "ቦርሳህን ክፈት!" አለችው። ከፈተ!

ናፍጣው መጣ፤ ጄኔሬተሩ ጠጥቶ ጮኸ፤ ኮምፒውተሩ ነቃ፤ ደረሰኙ ተመዘገበ፤ ቅጣቱ ተነሳ፤ ብሩ ተላከ፤ መድኃኒት ሻጩ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ስልኩ ጮኸ፤ መርፌው ተሰጠ!

ቤቷ ስትገባ በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው ዱላ።

ውብሸት ደንግጦ፣ "ዱላው ምንድን ነው?" አላት።

"ባንክ ነበርኩ!"

ዱላውን የመለሰችው ሰኞ ነው። ኩምሳ ግን ቅጣት አልቆረጠባትም።