እማሆይ አጸደ ደራሲውን የጠየቁት

አንድ ቀን ከተማችን ደራሲ መጣላት። ደራሲ ሲባል እንግዲህ ስሙን በሬዲዮ የምንሰማው፣ ከመጽሐፍ ጀርባ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያየን ይርዳው ሽበሽ ነው። አዲሱ መጽሐፉ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይመረቃል ተብሎ ሕዝቡ ተጠራ። እኔም የሥነ ጽሑፍ ፍቅር አንገብግቦኝ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ለስላሳ አለ ሲሉኝ ነው የሄድኩት።

መጽሐፉ «ከቆቧ ሥር» ይባላል። አንዲት ቆንጆ ልጅ ፍቅረኛዋ ይከዳትና ገዳም ገብታ ትመነኩሳለች። ከዚያማ መስኮት ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሲነጋ ታለቅሳለች፣ ሲመሽ ታለቅሳለች። መቼም ደራሲዎቻችን መነኩሲት ሲጽፉ ከዚህ አይወጡም፤ ወይ ፍቅር ያቃጠላት ናት፣ ወይ ኃጢአት የደበቀች ናት። ታሪክ ጸሐፊዎቹም ቢሆኑ አይሻሉም፤ ንጉሥ የተጣላት እመቤት ካልሆነች በቀር ለመነኩሲት አንድ መስመር ቀለም አያባክኑም። እንጨት የምትለቅም፣ ጥጥ የምትፈትል፣ ጸሎት ላይ እንቅልፍ የሚያንገላታት መነኩሲት እኔ በመጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ከከተማችን በላይ ባለው በጨፌ ኪዳነ ምሕረት የሴቶች ገዳም ግን ሞልተዋል።

ጣጣው የመጣው ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ልጅቷ በድብቅ ትወልድና ሕፃኑን «ደጅ ላይ ተጥሎ ያገኘነው ነው» ብላ እዚያው ገዳም ውስጥ ታሳድገዋለች። የጨፌ እናቶች ደግሞ እውነትም ተጥለው የተገኙ ልጆች ያሳድጋሉ። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደጃቸው ላይ ይቀመጣል፤ እነሱም አንስተው፣ ወተት ለምነው፣ አሳድገው ትምህርት ቤት ይልካሉ። መጽሐፉ ገና ከምረቃው በፊት በሬዲዮ ከተተረከ ወዲህ ከተማው በሹክሹክታ ተሞላ። እነዚያን ልጆች «የቆብ ልጅ» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ስመኝ የምትባል ትንሽ ልጅማ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ተመልሳ እማሆይ አጸደ ላይ ተጠመጠመችና፣ «እማሆይ፣ እውነት እርስዎ ነዎት የወለዱኝ?» አለቻቸው።

እማሆይ አጸደ የገዳሙ እመ ምኔት ናቸው። «መጠየቋስ ግድ የለም፤ አንጀቴን የበላኝ ደስ ብሏት መጠየቋ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለችን ልጅ «አይደለሁም» ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ እስቲ አስቡት።

እናም በምረቃው ዕለት እማሆይ ሁለት እናቶች አስከትለው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ወደ አዳራሹ ገቡ። ለባለሥልጣን በተተወው የፊት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ተነሱ የሚላቸው ሰው አልተገኘም። ደራሲው ከመድረክ ላይ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«ይኸው፣ ገጸ ባሕርያቴ በእግራቸው መጡ!» አለና ሕዝቡን አስጨበጨበ።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እማሆይ ብድግ አሉ። ድምፅ ማጉያውን ሲሰጧቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው በራሳቸው ድምፅ ተናገሩ።

«ልጄ፣ መጽሐፍህን አንብበነዋል። አንዷ ስታነብ ሌሎቻችን እየፈተልን። አንዳንዱ ቦታ ላይማ አልቅሰናል።»

ደራሲው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። «ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም እማሆይ! የትኛው ቦታ ላይ ነው ያለቀሳችሁት?»

«ክረምት ከበጋ መስኮት ሥር ስትቀመጥ ጊዜ። ውሃ ሳትቀዳ፣ እንጨት ሳትለቅም! ምነው እኛንም እንዲህ ባደረገን ብለን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ደራሲውም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ከእኛ ገዳም ደርሰህ ታውቃለህ?» አሉት።

«ኧረ አልደረስኩም! ደራሲ እኮ በምናቡ ነው የሚጓዝ።»

«ሳትደርስ ነዋ የደረስከው!»

ይሄኔ ሳቁ ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። እማሆይ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን አስተካክለው ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ የመጣሁት ልለምንህ ነው። ልጆቻችን በሰው አፍ ገብተው ትምህርት ቤት መሄድ ጠልተዋል። እዚሁ ሕዝብ ፊት፣ ገዳም ውስጥ ተወለደ ያልከው ልጅ ያልነበረ ነው ብለህ ተናገርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ምን ነበረበት አንድ ቃል ቢናገር? እሱ ግን ክራቫቱን አስተካከለ።

«እማሆይ፣ ደራሲ ለጻፈው ነገር ማብራሪያ አይሰጥም። አንባቢ እንደ ገባው ይረዳው። ደግሞስ…» አለና ወደ ሕዝቡ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ፣ «ማን ያውቃል?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁለት። እኔን ግን የያዝኩት ለስላሳ መረረኝ። እኒያ አሮጊት ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው መጥተው በዓይን ጥቅሻ ይመለሱ?

እማሆይ አልተቆጡም። አልተቀመጡምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይርዳው አንድ የማይነካ ቁስል አለው። ያለፈውን መጽሐፉን ከፈረንጅ ገልብጦ ነው ብለው በጋዜጣ አምተውታል። «ገለበጠ» የሚል ቃል ከሰማ ቂጣ ሲገለበጥ እንኳ ይቆጣል ይባላል። እማሆይ ይህን ይወቁት አይወቁት አላውቅም። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳያውቁ አልቀሩም።

«አይ እንግዲህ፣ ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል» አሉት በሐዘኔታ። «የፈረንጅ ደራሲዎችም መነኩሲት ማስወለድ ይወዳሉ አሉ። ከእነሱ አግኝተኸው ይሆናላ።»

ደራሲው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«በፍጹም! ከማንም አልወሰድኩም! ከፈረንጅም፣ ከአበሻም!»

«ሰው ነግሮህስ?»

«ማንም አልነገረኝም!»

«ከጨፌ የወጣ ወሬ ሰምተህስ?»

«እማሆይ፣ የጨፌን ስም የሰማሁት ዛሬ ነው! ይህ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ! ከራሴ ልብ የወጣ!»

«ማንም አላገዘህም?»

«ማንም!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን አምጬ የወለድኩት!»

እማሆይ ቀስ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ አይደል?» አሉ። ሕዝቡም «ሰምተናል!» አለ። ከዚያ ወደ ደራሲው ተመለሱና፣ እናት ልጇን በምትገሥጽበት ድምፅ እንዲህ አሉት፦

«እንግዲያስ ልጄ፣ አምጠህ የወለድከው አንተ ሆነህ ሳለ፣ ምነው አምጥተህ እኛ ደጅ ጣልከው?»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። መድረክ መሪው ሳይቀር ፊቱን በወረቀት ሸፈነ። እማሆይ ያን ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ የፈለጉት ቃል ከራሱ አፍ ወጥቶላቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሰፈራችን አዋላጅ ወይዘሮ ዘነቡ ከኋላ ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡትና እንዲህ አሉ፦

«አንተ ይርዳው! እንኳን ማርያም ማረችህ!»