የሦስተኛው ቀን ደንበኛ

አንዲት ሴት ነበረች። ዲላ ከተማ፣ ጓሮዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ የልጇን የኳስ ልብስ ታጥባለች። ልጁ እዮስያስ በረኛ ነው። በረኛ ማለት ደግሞ እንደምታውቁት የሜዳውን ጭቃ በሙሉ ለእናቱ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው።

የቁምጣውን ኪስ ስትፈትሽ ክብ ቆርቆሮ ወጣ። ከፈተችው። ውስጡ ጥፍር የሚያካክሉ ነጫጭ ከረጢቶች። አሸተተችው፤ ሚንት ሚንት ይላል።

"እዮስያስ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል እማዬ። ከንፈር ስር የሚደረግ ነው። እንደ ከረሜላ።"

"ከረሜላ ከመቼ ወዲህ ነው ከንፈር ስር የሚደበቀው?"

"በቃ፣ ትንሽ ኒኮቲን አለው። ግን ትምባሆ አይደለም። ቅጠል የለው፣ ጭስ የለው። ግማሹ ቡድን ያደርገዋል። ካላደረግኩ ኳስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ አንቺ ስለዚህ ምን ታውቂያለሽ?"

ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልኝ። ምን ታውቃለች?

ልጆቼ፣ ሁሉንም ታውቃለች። እሱ ከመወለዱ በፊት ያቤሎ ገበያ ውስጥ የሚታኘክ ትምባሆ እየፈጨች ትሸጥ ነበር። አስራ አንድ ዓመት። ከዚያ ጌታን አገኘች፤ መፍጫዋን ጥላ ዲላ መጣች። ዛሬ ዝንጅብል ትሸጣለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኳየር ጋር ትዘምራለች። ያንን የድሮውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ለልጇም ጭምር።

እንግዲህ ዝም ብትል ስሟ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ልጇ ግን በዚያው ሱስ ይጠፋል። ብትናገር ልጇ ምን ብሎ ያያታል? እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር? አትቸኩሉ። እሷም አልቸኮለችም።

አንዱን ከረጢት ከንፈሯ ስር አደረገችው። መጀመሪያ ጣፈጣት። ቀጥሎ ቀዘቀዛት። ከስሩ ግን ድዷን ነከስ አደረጋት። ይሄን ንክሻ የት እንደምታውቀው አልጠፋትም።

"አመዱን የት ጨመሩት?" አለች።

"የምን አመድ?"

"እላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ።"

በስልኩ እየተረጎመ፣ እየሳቀ አነበበላት። ኒኮቲን። ማጣፈጫ። የሚንት ጣዕም። ሶዲየም ካርቦኔት።

"የመጨረሻው ምንድን ነው?"

"ቤዝ ነው። በኬሚስትሪ ተምረነዋል፤ ቀዩን ሊትመስ ወረቀት ሰማያዊ ያደርገዋል።"

"ሌላስ ምን ሰማያዊ ያደርገዋል?"

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ለሙከራ ከየቤታችሁ አምጡ ያሏቸውን ነገር አስታወሰ። "የአመድ ውሃ" አለ ቀስ ብሎ።

እናቱ ማጠቢያውን ሳፋ ደፍታ ተቀመጠችበት። "እኔ ትምባሆ ሻጭ ነበርኩ" አለችው። "ስማኝ። ትምባሆ ብቻውን ሰነፍ ነው። አመድ ሲጨመርበት ግን ከድድህ ወደ ደምህ ሮጦ ይገባል። ያለ አመድ የሸጥኩለት ሰው በሳምንቱም ላይመለስ ይችላል። በአመድ የሸጥኩለት በሦስተኛው ቀን መደቤ ፊት ቆሞ ያዛጋል። የእኔ ችግር ምሬቱ ነበር፤ አዲስ ሰው ይተፋብኛል። እነዚህ እሱንም አጣፍጠው፣ አቀዝቅዘው ደበቁት። እንደ ባለሙያ ልንገርህ፣ ጎበዞች ናቸው።"

"አንቺ? ትምባሆ?"

"ከገበያው አንደኛ።"

ልጁ ቆርቆሮውን እጇ ላይ ትቶ ገባ። አምኖ እንዳይመስላችሁ፤ ደንግጦ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገበያ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጣቱ አንድ ቦታ አይቆምም። ከእናቱ በርጩማ አጠገብ ሌላ ባዶ በርጩማ ተቀምጧል።

"ያን ነገር የት አደረግሽው? ልምምድ አለብኝ። ለዛሬ ብቻ።"

"ስጠብቅህ ነበር" አለችው። "ለዛሬ ብቻ ያላለኝ ደንበኛ የለም። በአስራ አንድ ዓመት አንድም ሰው ባዶ እጁን መልሼ አላውቅም። ዛሬ አንተን መለስኩ። ተቀመጥ።"

ከጎኗ ቲማቲም የምትሸጠው የኳየር ጓደኛዋ ማርታ አንገቷን አሰገገች። "የምን ደንበኛ ነው የእዮስያስ እናት? ምን ነበር የምትሸጪው?"

እዮስያስ መሬት መሬት አየ። እናቱ ወገቧን ቀና አደረገች።

"ትምባሆ" አለች፣ ገበያው እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ጌታ አስጣለኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልጄን አስጥላለሁ።"

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቁጭ አለ። እስከ ስድስት ሰዓት ፊቱን አጨማዶ የዝንጅብል አፈር አራገፈ። በማግስቱም መጣ። በሳምንቱም።

የዞኑ ቡድን ምርጫ ቀን ሁለት ጎል ገባበት። ውሸት አልነግራችሁም፣ ሁለት። ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም። ተጠባባቂ አድርገው ያዙት። በጨዋታ ቀን እናቱ ሜዳው ዳር ቆማ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ "በረኛው የእኔ ልጅ ነው" ትላለች። የቱ? ሲሏት ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ትጠቁማለች። ኩራቷን ብታዩት ዋንጫ የወሰደ ነው የሚመስላችሁ።

እናንተስ? አሁን ከንፈራችሁን የገጠማችሁት ወንድሞች፣ እናንተን ነው። ተራችን አይደርስም ብላችሁ የምትስቁ እህቶችም አላችሁ። መራራውን ማን አጣፈጠላችሁ? ደግሞስ ለምን? አስቡት እንጂ፣ ስለወደዷችሁ ነው?

እናንተ እናቶችና አባቶችስ? እግዚአብሔር ከጉድጓድ አወጣችሁ፤ በጉድጓዱ ታፍራላችሁ። የጉድጓዱን አፍ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ልጃችሁ ጫፉ ላይ ቆሞ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ሲል ዝም ትሉታላችሁ?

ዛሬ ቆርቆሮውን የምትጥሉ ትኖራላችሁ። ደግ። ዛሬ ቀላል ነው፤ ዛሬማ ሁላችንም ጀግና ነን። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ሦስተኛው ቀን ነው። ያን ቀን እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ስትመጡ፣ ቤታችሁ ውስጥ በርጩማ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ማን አለ? ከሌለ፣ ከዚህ ሳትወጡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንዲጠብቃችሁ ጠይቁት። አጠገባችሁ ያለውም፣ በርጩማውን አሁኑኑ ያውጣ።