ለሁለት ጌቶች የጻፈው አዛዥ

አንድ ሕግ አዋቂ ነበረ። ልጄ፣ «ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክህነቱም ጻፍልን ቢሉኝ ለማን ልጻፍ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ስሙ ዘሚካኤል ይባላል። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያጠና፣ ሲፈርድ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የንጉሡን ታላላቅ ዳኞች አዛዥ ይሏቸው ስለነበር፣ እሱም አዛዥ ዘሚካኤል ተባለ። ንጉሡን ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። የካህናቱ አለቃ ደግሞ ከተማሪነቱ ጀምሮ ጓደኛው ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከቤቱ ገበታ አይቀሩም። ሁለቱንም ከልቡ ይወዳቸዋል።

በአንድ ዓመት በንጉሡና በካህናቱ መካከል ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ነገር፣ በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጠብ ሲነሣ ማን ይፍረድ የሚል ነበር። ንጉሡ ዘሚካኤልን አስጠርተው «መምህሬ፣ የኔን ሥልጣን ጻፍልኝ» አሉት። ጻፈላቸው። «ወታደር የንጉሥ ነው፤ በእሱ ላይ ከንጉሥ ዳኛ በቀር ማንም አይፈርድም» አለ። አለቃው ይህን ሰምተው ወደ ቤቱ መጡና «ወንድሜ፣ እኛንስ ለማን ተውከን?» አሉት። አንጀቱ አልቻለም፤ ለሳቸውም ጻፈ። «የቤተ ክርስቲያን መሬት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለ እሱ ከካህናት ጉባኤ በቀር ማንም አይፈርድም» አለ። ሁለቱም መጻሕፍት ያማሩ ነበሩ። ክርክሩም በረደ። ንጉሡና አለቃው ተስማምተው ለዘሚካኤል ካባ ሊያለብሱት ቀን ቆረጡ።

ዘሚካኤል ደስታውን ለሚስቱ ለወለተ ሐና አጫወታት። እሷ ግን «ሁለቱንም ካስደሰትክ የተከፋው ማን ነው?» አለችው።

«ማን ይከፋል?» አላት እየሳቀ።

ከከተማው ዳርቻ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችውን እርሻ ታርሳለች። መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከአዝመራው ለካህናቱ ድርሻቸውን ትሰጣለች። ሚያዝያ ላይ አንድ የንጉሥ ወታደር መጥቶ እርሻዋ ውስጥ ድንኳን ተከለ፤ ዙሪያውን አጠረ፤ በሬዎቿንም አባረረ። ትርንጎ ወደ ንጉሡ ዳኛ ሄዳ ጮኸች። ዳኛው ከወታደሮቹ ጋር መጣላት ፈርቶ ነበርና የዘሚካኤልን ሁለተኛ መጽሐፍ ገልጦ «መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ካህናቱ ሂጂ» አላት። ካህናቱም ንጉሡን ማስቀየም ፈርተው ነበርና የመጀመሪያውን ገልጠው «ሰውየው የንጉሥ ነው፤ ወደ ንጉሡ ዳኛ ሂጂ» አሏት። እንዲህ እየተመላለሰች ግንቦት አለቀ፤ ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ። በመጨረሻ «ይህን የምታነቡብኝን መጽሐፍ የጻፈው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ነገሯት። ወደ ቤቱ መጣች።

ወለተ ሐና ተቀብላ አስገባቻት። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«አባቴ፣ መጽሐፎቹን የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። እስቲ የኔ ነገር ያለበትን ያንብቡልኝ። ስሜን ማለቴ አይደለም። እንደኔ ያለች ሴት የቱ ጋ ናት?»

ዘሚካኤል የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጠ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ገለጠ። ሁለቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ሆኖም እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ እየጠበቀችው ነውና ቅጠል በቅጠል እስከ መጨረሻው አገላበጠ። ንጉሡ አሉ። ካህናቱ አሉ። ወታደሩም፣ መሬቱም አለ። ተበድሎ የሚጮኸው ሰው ግን የትም የለም።

«የለሽም» አላት ቀስ ብሎ።

ትርንጎ አልተቆጣችም። «እንግዲያማ ይጻፉኝ» አለችው። «ብቻ ቶሎ ይበሉ። ሐምሌ ከወጣ ጤፉን የምዘራበት ጊዜ ያልፍብኛል።»

ዘሚካኤል መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንግዳዋ እሳት እየሞቀች፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ አንድ ገጽ ብቻ ጻፈ።

የካባው ቀን ደረሰ። ንጉሡና አለቃው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቷል። ዘሚካኤል ትርንጎን ይዞ መጣና ካባ በሚቀበልበት ቦታ ሳይሆን ተከሳሽ በሚቆምበት ቦታ ቆመ።

«ጃንሆይ፣ ዛሬ ተከሳሽ ነኝ» አለ። «ከሳሼ ይህች ሴት ናት። ስለምወዳችሁ ለሁለታችሁም የምትወዱትን ጻፍኩ። እሷ ግን በሁለታችሁ መካከል ዝናብ ላይ ቀረች።» ያቺን አንድ ገጽ አወጣና አነበበ። «የተበደለ ሰው መጀመሪያ የጮኸበት ዳኛ ይስማው። ጉዳዩ የሌላ ዳኛ ቢሆን እንኳ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ አብሮት ይሂድ እንጂ ብቻውን አይስደደው።»

የንጉሡ ፊት ጠቆረ። «መምህሬ፣ በሰው ፊት ታሳፍረኛለህ?»

«ያፈርኩስ እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ።»

አለቃው አንገታቸውን ደፉ። ንጉሡ ወደ ትርንጎ ዞሩ፤ «ስንት ጊዜ ተመላለስሽ?» አሏት።

«እርስዎ ደጅ ስምንት ጊዜ፣ እሳቸው ደጅ ስምንት ጊዜ» አለች።

ንጉሡ የሴትዮዋን ጭቃ የነካው እግር አዩ። ከዚያ ተነሡና «አለቃ፣ መሬቱን እርስዎ ያውቁታል፤ ሰውየውን እኔ አውቀዋለሁ። እንሂድ» አሉ። ሁለቱም በዚያው ቀን በጭቃው ውስጥ እስከ እርሻዋ ሄዱ። ወታደሩ ድንኳኑን ነቀለ። ትርንጎ ጤፏን ዘራች።

ዘሚካኤል ካባውን አላገኘም። ንጉሡ ክረምቱን በሙሉ አኮረፉት፤ አለቃውም እሑድ መምጣት ተዉ። ይህ ከካባው ይልቅ ጎዳው። በገበታው ላይ ለአለቃው ቦታ ይተውላቸዋል፤ በሩን እያየ ሳይበላ ይነሣል። ወለተ ሐና «ኩርፊያቸው እስኪያልፍ ነው፣ እነሱም ይወዱሃል» ትለዋለች። በመስከረም አለቃው መጡ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ነበረ፤ ንጉሡ ናቸው። ሁለቱን መጻሕፍት ይዘው መጥተው ነበርና «ያቺን ገጽ ገልብጠህ ከሁለቱም መጻሕፍት ፊት በእጅህ ስፋልን» አሉት።

አየህ ልጄ፣ አንተም ነገ ወደዚያው ሥራ ትገባለህ። ንጉሡን ውደዳቸው፤ ቤተ ክርስቲያንህንም ውደድ፤ ፍቅርህን ቀንስ አልልህም። ዘሚካኤል የተሳሳተው ስለወደዳቸው ሳይሆን፣ ሲጽፍ ያያቸው እነሱን ብቻ ስለሆነ ነው። «ለማን ልጻፍ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ሁለት ሰዎችን ጠራህልኝ፤ ሁለቱም ወንበር አላቸው። አንተ ግን ወንበር ለሌላት፣ የጻፍከውን ማንበብ እንኳ ለማትችለው ጻፍ። እንደ ዘሚካኤል፣ እሷ ጭቃ ረግጣ ደጅህ እስክትመጣ አትጠብቃት። በል ሂድ፤ እግዚአብሔር ይከተልህ።