የኢንቲሳር ማንጎና የከሰሉ ሳጥን

ስሙኝማ፣ ነገሩ ትንሽ ነው፤ የአንድ ማንጎ ነገር ነው።

ኢንቲሳር የምትባል ልጅ ከጓሯቸው ዛፍ የመጨረሻውን ማንጎ ከነትንሽ ቅርንጫፉ ቆረጠች። እናቷ ልትወልድ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። ሕፃኑ በተወለደ በማግሥቱ ሞተ። እናትየው እህል አልቀምስም ብላለች። አርብ ትመለሳለች።

«ማንጎዬ፣ እማ እስክትመጣ ቆይልኝ» አለችው።

«በዚህ ሙቀት? አልቆይም። ሳጥኑ ያቀዝቅዘኝ።»

ተመራማሪዎች ለመንደሩ የሠሩት የቀርከሃ ሳጥን ነበር፤ ግድግዳው በከሰል የተሞላ፤ ከሰሉ በውኃ ሲርስ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ሮጠች።

«ሳጥኔ፣ አቀዝቅዝልኝ፤ ማንጎው አልቆይም አለ።»

«አላቀዝቅዝም። ከሰሌ ደርቋል። ውኃ ያርሰው።»

ወደ ወንዝ ወረደች።

«ውኃ፣ ከሰሉን አርስልኝ፤ ሳጥኑ አላቀዝቅዝም አለ፣ ማንጎው አልቆይም አለ።»

«ዳገቱን በምን እግሬ ልውጣው? አህያው ይሸከመኝ።»

አህያው ጥላ ሥር ቆሟል።

«አያ አህያ፣ ውኃውን ተሸከምልኝ፤ ውኃው ዳገት አልወጣም አለ፣ ሳጥኑ አላቀዝቅዝም አለ፣ ማንጎው አልቆይም አለ።»

«ዛሬ ስትፈልጊኝ አያ አህያ! ትናንት ደደብ ስትዪኝ አልነበር? የማንጎ ልጣጭ ካልበላሁ ንቅንቅ አልልም።»

ልጣጩ ያለው ዘምዘም ዘንድ ነው። ዘምዘም ተመራማሪ ናት፤ ማንጎ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ ታጠናለች። ጠረጴዛዋ ሥር ገንዳ ሙሉ ልጣጭ አለ።

«እትዬ ዘምዘም፣ ልጣጭ ስጪኝ፤ አህያው አልሸከምም አለ፣ ውኃው ዳገት አልወጣም አለ፣ ሳጥኑ አላቀዝቅዝም አለ፣ ማንጎው አልቆይም አለ።»

ዘምዘም ሳቀች። «ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ልጣጩን ውሰጂ፤ ግን ማንጎሽን ስጪኝ። ቆርጬ ጣፋጭነቱን ልለካው፤ ለጥናቴ አንድ ፍሬ ጎድሎኛል።»

ኢንቲሳር ማንጎውን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠች።

«አልሰጥም። የእማ ነው። ሕፃኑ ሞቷል። ባዶ እጇን ነው የምትመጣው።»

ዘምዘም ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ጥናቱ ይጠብቀኝ» አለችና ገንዳውን ራሷ ተሸከመች።

አህያው ልጣጩን በላ። አህያው ውኃውን ተሸከመ፣ ውኃው ከሰሉን አራሰ፣ ከሰሉ ሳጥኑን አቀዘቀዘ፣ ሳጥኑ ማንጎውን አቀዘቀዘ። ማንጎውም ቆየ።

አርብ እናቷ መጣች። በር ላይ ቆመች፤ ክንዶቿን የት እንደምታደርጋቸው አላወቀችም። ኢንቲሳር ማንጎውን ሰጠቻት። ቀዝቃዛ ነበር፤ አንድም የጠቆረ ቦታ የለውም።

«አንቺስ በልተሻል?» አለች እናቷ።

«አንቺ ጀምሪ።»

እናቷ ገመጠች። ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። ደግማ ገመጠች።