ጉም ዘጋኙ ጃርት

ተረቴን ልተርት፣ ጆሮ ያለው ይክፈት።

ነፋሱ ቀጥ አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው የነፋስ መዘውር ሲጥ ብሎ ቆመ፤ በሱ ኃይል የሚበራው የዋሻው ደጅ መብራትም ድርግም አለ። ቁጥቋጦ ሥር ያደፈጠው አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ዋሻው ውስጥ የእንስሳቱ ግልገሎች በሙሉ ተኝተዋል፤ እስከ ዛሬ እሱን ያገደው ያ መብራት ብቻ ነበር።

የሐምሌ ጉም ቀኑን አጨልሞታል። ጅብ በደረቱ እየተሳበ ሲቀርብ ዋሻው ውስጥ ጦጢት በጃርት ላይ ስትጮህ ሰማ።

«አንተ ጃርት፣ አንተ ጉም ዘጋኝ! ይኸው ጉሙ መጣልህ፣ ዝገነው! ከነፋስ፣ ከውሃና ከአየር ዘይት እሠራለሁ ብለህ በጋውን ሙሉ ሦስት ቁና ነፋስ እየፈጀህ አንድ ቅል ዘይት ስትጨምቅ፣ ይኸው ነፋሱን ጨረስክብን!»

«የጨመቅሁት ከመብራቱ የተረፈውን ነፋስ ነው» አለ ጃርት። ወደ ጓዳውም ገባ።

ጅብ ሳቁን አፈነ። «ደግሞ ነፋስ በቅል ይቀመጣል!» አለ በልቡ፤ ከዚያም ተወርውሮ ዘለለ።

እግሩ ደጁን ሲረግጥ ብርሃን ቦግ አለበት። ዓይኑ ጭልም ብሎበት ወደ ኋላ ተንከባለለ። ጃርት ፋኖስ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ግዴለም» አለ ጅብ እያቃሰተ፣ «ዘይትህ እስኪያልቅ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ነፋሱ እንደሆነ ቶሎ አይመጣም።»

ጦጢት ጓዳው ውስጥ የተደረደሩትን ቅሎች ዞር ብላ አየች። ከዚያ በጃርት ትከሻ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አያ ጅቦ! ይህ የሚነደው የየካቲት ነፋስ ነው፤ የመጋቢቱ ገና አልተከፈተም።»