የአንጓች ገመድ

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። ይህ የሆነው ጥንት ነው፤ አያቴ ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች። እንዶድ በር ያኔ ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች።

አንጓች ባሏ የሞተባት ድሃ ነበረች። መሬት አልነበራትም። ሥራዋ ጭቃ መርገጥ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ሲኖር ትጠራለች። አፈሩን በውሃ ታረጥባለች፣ ጭድ ትበትንበታለች፣ ውሎ ሲቦካ በእግሯ ትረግጠዋለች፣ ከዚያ ግድግዳውን በእጇ ትመርጋለች። በእንዶድ በር የእርሷ መዳፍ ያላረፈበት ቤት አልነበረም። ሰው ግን በስሟ አይጠራትም፤ «ጭቃዋ» ይላት ነበር። ዘርፌ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ያለቻት እርሷ ብቻ ነበረች።

በመንደሩ አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ አንድ ክፍል ብቻ ያለው። ሲሠራ ለመንደሩ ልጆች ይበቃ ነበር። በኋላ በላይኛው አገር ዝናብ ጠፋ። ሰው ከብቱ አለቀበትና ልጁን አዝሎ ወደ እንዶድ በር ወረደ። ዛሬ አንዱ መጣ፤ ነገ ሌላው መጣ። ከወንዙ ማዶ ጎጆ በጎጆ ሆነ። ልጆቻቸውም ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። አግዳሚው ሞላ። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መሬቱም ሞላ። የተረፉት ውጭ ቆመው በመስኮት ያዳምጡ ነበር። ሲዘንብ በላያቸው ዘነበ። ከመስኮቱ ሥር ከቆሙት አንዱ፣ የመጤ ልጅ፣ ብርድ መታውና ሞተ።

አንጓች የዚያን ልጅ ቀብር ደረሰች። ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ መንደሩ ሹም ሄደች። ሹሙ ባሻ ድልነሳ ይባላሉ። ከሽማግሌዎች ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ፊታቸው ቆመች።

«ጌታዬ፣ ትምህርት ቤቱ ይስፋልን» አለች።

«ለማን ብለን?» አሉ ባሻ። «እነዚህ ሰዎች እንግዳ ናቸው። አገራቸው ሲዘንብ ይመለሳሉ። እኛ ባዶ ቤት ታቅፈን ልንቀር ነው?»

«ዛሬ ልጃቸውን እዚህ ቀበሩ፣ ጌታዬ። መቃብሩን ጥለው የት ይሄዳሉ?»

«ሂጂ፣ እንመክርበታለን» አሏት ባሻ።

በማግስቱ መጣች። እንመክርበታለን አሏት። ደግማ መጣች። ዘበኛቸው ገፍትሮ ጣላት። አቧራዋን አራግፋ እንደገና መጣች። ዋርካው ሥር በተቀመጡ ቁጥር መጥታ ፊታቸው ትቆማለች። በመጨረሻ ሰለቻቸውና እሺ አሉ። አንጓች ፈተናው ያለፈ መሰላት።

እሺ አሉ፤ ነገር ግን ቶሎ እንዲያልቅ፣ ብዙም እንዳያደክም ፈለጉ። አዲስ ቤት አልሠሩም። የአሮጌውን ክፍል አንዱን ግድግዳ አፈረሱና ሌላ ክፍል ቀጠሉበት። ጣሪያው ረዘመ፤ ምሰሶ ግን አልተጨመረም። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ መምህር ልሳኑ «መሐሉ ላይ ምሰሶ ይቁምበት እንጂ» ብለው ነበር። ጫካው ሩቅ ነበርና ማንም መሄድ አልፈለገም። «ለከርሞ እናቆማለን» አሏቸው።

አንጓች ጭቃ ረገጠች። ደስ ብሏት ረገጠች። እየዘፈነች ረገጠች። ዘርፌም ከትምህርት ስትመለስ ጭዱን ትበትንላት ነበር። ግድግዳው ተመረገ። ውጭ የቆሙት ልጆች ሁሉ ገቡ። የመንደሩ ልጅና የመጤው ልጅ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ወረደ። የሣሩ ክዳን ውሃ ጠጥቶ ከበደ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ልጆቹ ፊደል እየቆጠሩ ሳለ፣ ጣሪያው ወረደ። ግድግዳውም ተከትሎ ወደቀ።

ድምፁን ከወንዝ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። ሰው እየጮኸ መጣ። አንጓችም መጣች። የራሷን ጭቃ በራሷ እጅ ቆፈረች። የገዛ ጣቶቿን ምልክት ጭቃው ላይ እያየች ቆፈረች። አንድ ልጅ አወጣች፤ በሕይወት ነበር። ሌላ አወጣች፤ ሞቷል። ሌላ አወጣች፤ የባሻ ድልነሳ የልጅ ልጅ ነበር፤ እርሱም ሞቷል። መምህር ልሳኑ ሁለት ሕፃናት በክንዳቸው እንደሸፈኑ ሞተው ተገኙ። ዘርፌን ያገኘቻት በመጨረሻ ነው። አፏ ጭቃ ሞልቶት ነበር። አንጓች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገችላት። አላለቀሰችም። ልጇን አቅፋ እዚያው ዝናቡ ላይ ተቀመጠች።

ልጆቼ፣ ሐዘን ሰውን ሁልጊዜ ደግ አያደርገውም። የእንዶድ በር ሰው ልጆቹን ቀብሮ ሲጨርስ ጥፋተኛ ፈለገ። «ያጣበቡን እነዚህ መጤዎች ናቸው» አለ። «እነርሱ ባይመጡ ቤቱ አይነካም ነበር» አለ። ወንዶቹ ዱላና ችቦ ይዘው ተሰበሰቡ። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጎጆዎች ሊያቃጥሉ ነው። አስቀድመው ግን ወደ አንጓች ደጅ መጡ።

«ያንቺ ሐዘን ከሁላችንም ይከፋል። ከልጅሽ በቀር ማን ነበረሽ?» አሏት። «ሂዱ በይንና እንሂድ።»

አንጓች ከደጃፏ ወጣች። «ልጄን የገደላት እኔ የመረግሁት ግድግዳ ነው» አለች። «የሚቃጠል ካለ ከእኔ ጎጆ ጀምሩ።»

አንዱ ችቦውን ጭቃ ውስጥ ደፈቀው። ሌሎቹም ደፈቁ። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዝናቡ ሲቆም አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ተወሰነ። ባሻ ድልነሳ በገዛ እጃቸው ገመድ ይዘው መሠረቱን ሊለኩ መጡ። የለኩት ቦታ ግን ትንሽ ነበር።

«ምነው ጌታዬ፣ ጠበበሳ?» አለች አንጓች።

«ለማን ላስፋው?» አሉ ባሻ። «ልጆቹ እኮ በቁጥር አንሰዋል፣ አንጓች።» በስሟ ሲጠሯት ያ የመጀመሪያው ነበር።

አንጓች ወንዙን ተሻግራ ከጎጆ ወደ ጎጆ ሄደች። ወደ መንደሩ ተመልሳ ከቤት ወደ ቤት ሄደች። ሕፃን ያዘለችውን ሁሉ፣ ያረገዘችውን ሁሉ ይዛ መጣች። በገመዱ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ቦታው ሞላ። የቀሩት ሴቶች ከገመዱ ውጭ ቆሙ። ከቆሙት መካከል የባሻ ልጅ ነበረች፤ የዚያ የሞተው ልጅ እናት። እርጉዝ ነበረች።

«ከእነዚህ ውስጥ» አለች አንጓች፣ «ማንን መስኮት ሥር እናቁም?»

ባሻ ልጃቸውን አዩ። ሆዷን አዩ። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ለአንጓች ሰጧት። «እንግዲያው አንቺ ያዢው» አሉ።

አንጓች ገመዱን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። ከቁጥቋጦው አልፋ ሄደች። ከሜዳው ጠርዝ ደረሰች። «ይበቃል» አለችና ቆመች።

ለዚያ ሁሉ ቤት ብዙ ምሰሶ ያስፈልግ ነበር። ወንዶቹ አሁንም ስለ ጫካው ርቀት ማውራት ጀመሩ። አንጓች ጥላቸው ወደ ቤቷ ገባች። የጎጆዋን ምሰሶ ነቀለች። ጎጆዋ ከኋላዋ ጎበጠ። ምሰሶውን በትከሻዋ ተሸክማ አመጣችና መሐል መሬት ላይ ጣለችው። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ጫካው ሄዱ። የመንደሩም ሄደ፤ መጤውም ሄደ።

አንጓች ጭቃ ረገጠች። አሁን አልዘፈነችም። ሲመሽ ዘንበል ባለው ጎጆዋ ሥር ገብታ ትተኛለች፤ ውርጩ ያገኛታል። «እኛ ዘንድ ግቢ» ቢሏት እምቢ አለች። ሳል ያዛት። እየሳለች ረገጠች። ግድግዳው ተመርጎ አለቀ። ጣሪያው ሳይከደን አንጓች ሞተች። ሬሳዋን ያጠቡት ሴቶች ከተረከዟ ንቃቃት ጭቃውን ማውጣት አቃታቸው። ከነጭቃው ቀበሯት፤ ከዘርፌ ጎን።

እንዶድ በር ዛሬ እንደምታዩዋት ከተማ ሆናለች። ሰው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ትምህርት ቤቱም በየጊዜው ይሰፋል። አዲስ ክፍል ሊሠራ ሲታሰብ መሐንዲሱ ከነወረቀቱ ይመጣል፣ ሹሙም ይመጣል። እነርሱ ግን ይጠብቃሉ። አስቀድመው ያዘሉና ያረገዙ እናቶች መጥተው መሬቱ ላይ ይቀመጣሉ። ገመዱን የምትይዘው፣ ልጅ የሞተባት እናት ናት። ገመዱን ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች። «ይበቃል» እስክትል ድረስ ቁሚ የሚላት የለም። አንዳንዷ ብዙ ትሄዳለች። እኛም ቆመን እንጠብቃታለን።